በአንድ ሰማይ ሁለት አውሮፕላን

ይሄ ኳስ ወዳዶች በተሰበሰቡበት ያደረግኩት ንግግር ነው። የተንዛዛውን ትንሽ ቆርጫለሁ እንጂ አፌ ላይ እንደመጣው ነው የተውኩት።

እንደምን አመሻችሁ። የማወራችሁ የእንግሊዙን አርሰናል 22 ዓመት ስላሰለጠነው ሰውዬ፣ ስለ አርሰን ቬንገር ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ሊጉም ዋንጫውም የእነሱ ነውና። የቶተንሃም ደጋፊዎች ካላችሁ ደግሞ ትንሽ ታገሡን፣ እናንተን የሚነካው ነገር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው።

ማርች 18 ቀን 2017። አርሰናል ከሜዳው ውጪ ከዌስት ብሮም ጋር እየተጫወተ ነው። አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ከስታዲየሙ በላይ ብቅ አለች። ከኋላዋ ረጅም ጨርቅ ትጎትታለች፤ ጽሑፉ ባጭሩ “ውሉ አይታደስ፣ ቬንገር ይውጣ” ነው። ከዚያ ሌላ አውሮፕላን መጣ። የእሱ ጨርቅ ደግሞ “በአርሰን እንተማመናለን” ይላል። አስቡት እንግዲህ። የአንድ ክለብ ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ አውሮፕላን ተከራይተው፣ በአንድ ቀን፣ በሰው ሜዳ ሰማይ ላይ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ። ታች ሜዳው ላይ አርሰናል 3 ለ 1 ተሸነፈ።

ይሄ ታሪክ ሲነሳ ሁሉም “ደጋፊው ለሁለት ተከፍሎ ነበር” ይላል። ተከፍሎ ነበር፣ አልክድም። እኔ ግን ላወራችሁ የመጣሁት ስለ ሌላ ዓይነት መከፈል ነው። ሁለቱም አውሮፕላኖች የሚበሩት አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ቢሆንስ? ምክንያቱም እኔ ውስጥ እንደዚያ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ የሁለተኛው አውሮፕላን ሰው ነው። አንድ ቀን እንኳን አልተነቃነቀም። እኔ ግን ጠዋት አንደኛው ነኝ፣ ማታ ሁለተኛው። የቼልሲ ደጋፊ ቬንገርን ሲሰድብ ከሰማሁ ደሜ ይፈላል። ወንድሜ ቬንገርን ማሞገስ ሲጀምር ደግሞ “ኧረ በቃ፣ ይሂድልን!” እላለሁ። የቱ ነው እውነተኛው እኔ? ለብዙ ዓመት ወላዋይ መስዬ ለራሴ ታየኝ። አሁን ግን እንደዚያ አላስብም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የወደድነው ነገር ምን እንደነበረ እናስታውስ። በ1996 ከጃፓኑ ናጎያ ግራምፐስ ሲመጣ እንግሊዝ ውስጥ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። “አርሰን ማነው?” ብለው ነው የተቀበሉት። ቀጭን፣ ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ የስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ምሩቅ። አሰልጣኝ ሳይሆን የሒሳብ አስተማሪ ነው የሚመስለው። መጥቶ መጀመሪያ የነካው የተጫዋቾቹን ሳህን ነው። ቸኮሌት ቀረ። ለመጀመሪያ ጨዋታው ብላክበርን በሄዱበት ጊዜ ተጫዋቾቹ አውቶቡስ ውስጥ “ቸኮሌታችንን መልሱልን” እያሉ ዘፈኑበት ይባላል። ንቅንቅ አላለም። ያን ቀን 2 ለ 0 አሸነፉ።

“ንቅንቅ አላለም” የምትለዋን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

በ1998 ሊጉንና የእንግሊዝን የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ኤፍኤ ካፑን፣ በአንድ ዓመት ወሰደ። በ2002 ደገመው፤ የሊጉን ዋንጫ ያረጋገጠው ደግሞ በማንቸስተር ዩናይትድ ሜዳ፣ ኦልድ ትራፎርድ ላይ፣ በዊልቶርድ ጎል። በ2003/04 ያደረገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ 38 ጨዋታ፣ 26 ድል፣ 12 አቻ፣ ሽንፈት የለም። ዋንጫውን ያረጋገጥነው በባላንጣችን በቶተንሃም ሜዳ፣ ዋይት ሃርት ሌን ላይ ነው፤ ቶተንሃሞች፣ ያልኳችሁ ቦታ ይሄ ነው፣ አለቀ፣ በሰላም ተቀመጡ። ሳይሸነፍ የተጓዘው 49 የሊግ ጨዋታ ነው።

ደግሞ ርካሽ ነበር። ይሄን የምለው በአድናቆት ነው። አኔልካን በ500 ሺህ ፓውንድ ገደማ ገዝቶ ከ22 ሚሊዮን በላይ ለሪያል ማድሪድ ሸጠው። ክለቡ አዲስ የልምምድ ማዕከል ሲሠራ የዚያ ገንዘብ ድርሻ ነበረበት። ጁቬንቱስ ውስጥ መስመር ላይ ተወርውሮ የቀረውን ቲዬሪ ሄንሪን አምጥቶ አጥቂ አደረገው፤ 228 ጎል አገባ። ፋብሪጋስን በ16 ዓመቱ አሰለፈው። ሌላው አሰልጣኝ ገንዘብ ሲረጭ የኛ ሰውዬ ዓይን አለው፣ ትዕግሥት አለው፣ ልጆችን ያምናል እንል ነበር። “ፕሮፌሰሩ” እያልን ደረታችንን ነፋን።

ከዚያ 2006 መጣ። ፓሪስ፣ የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ከባርሴሎና ጋር። ግብ ጠባቂው ሌማን 18ኛው ደቂቃ ላይ ቀይ ካርድ አየ። አንድ ሰው መውጣት አለበት፣ ተቀያሪው ግብ ጠባቂ አልሙኒያ እንዲገባ። ቬንገር ሮበርት ፒሬስን አወጣው። ፒሬስ በሀገሩ ዋና ከተማ፣ በሕይወቱ ትልቁ ጨዋታ ላይ፣ ገና ላብ እንኳን ሳይወጣው ወጣ። ለአርሰናል ያ የመጨረሻ ጨዋታው ሆነ። በኳስ ስሌት ውሳኔው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በአሥር ሰው ያን ያህል ከቆየን፣ በካምቤል ጎል እስከ 76ኛው ደቂቃ ከመራን ተሳሳተ ለማለት ይከብደኛል። ግን የፒሬስን ፊት ያየ ሰው አይረሳውም። 2 ለ 1 ተሸነፍን። እኔ ቬንገር ላይ መጀመሪያ የተቀየምኩት ያን ቀን ነው፣ እሱን መጀመሪያ ያዘንኩለትም ያን ቀን ነው።

በዚያው ዓመት ከሃይበሪ ወደ ኤምሬትስ ተዛወርን። 60 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም፣ ወጪው 390 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ። እዳው ከባድ ነበር። ባንኮቹ ብድሩን ለመስጠት እሱ ለአምስት ዓመት እንዲፈርም ይፈልጉ እንደነበር ራሱ ከጊዜ በኋላ ተናግሯል። እስቲ ይሄን ቆም ብላችሁ አስቡት። ኳስ አሰልጣኝ እኮ ነው፣ ዋስ ነው የሆነው! በየዓመቱ አራተኛ ውስጥ እየገባ፣ የቻምፒየንስ ሊጉን ገንዘብ እያስገባ፣ በዚያ እዳው እንዲከፈል። ሄንሪ በ2007 ሄደ። በ2011 ፋብሪጋስና ናስሪ ሄዱ። በ2012 ካፒቴኑ ቫን ፐርሲ ሄደ፣ ያውም ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ፤ ሄዶም በመጀመሪያ ዓመቱ ሊጉን በላ። ቬንገር ግን ጋዜጠኞች ፊት ተቀምጦ “ባንኩ ነው፣ ቦርዱ ነው” አላለም። “በዚህ ቡድን አምናለሁ” ነው የሚለው። እኛም አመንነውና እሱን ተሳደብን። ገንዘብ እያለው የማይገዛ መሰለን።

ታዲያ ይሄን ካወቅን በኋላ ነገሩ ቀላል መሆን ነበረበት አይደል? ሰውዬው ስለ ክለቡ ሲል ተሸከመ፣ እኛ አላወቅንለትም፣ ይቅርታ ጠይቀን እንገላገል። ወንድሜ እንደዚህ ነው የሚለው። እኔ አልስማማም። ገንዘብ የመጣበት ጊዜም ነበር እኮ። በ2013 ኦዚልን በ42.5 ሚሊዮን ገዛ። በዚያው ክረምት ለሊቨርፑሉ አጥቂ ለስዋሬዝ 40 ሚሊዮን ከአንድ ፓውንድ አቀረቡ። አንድ ፓውንድ! የሊቨርፑሉ ባለቤት ጆን ሄንሪ “እዚያ ኤምሬትስ ምን እያጨሱ ነው?” ዓይነት ነገር ትዊተር ላይ ጻፈ። እኔ ያን ቀን ስቄም ተናድጄም አላባራሁም።

ቁርጤን ያወቅኩት ግን በ2015/16 ነው። ክረምቱ ላይ ግብ ጠባቂውን ፒተር ቼክን ብቻ ገዛ። ለዋናው ቡድን ሌላ ማንንም አልገዛም። ማንቸስተር ሲቲ ደከመ፣ ቼልሲ ተንኮታኮተ፣ ዩናይትድ አልተነሳም። ሊጉ በሩን በርግዶ “ግቡ” የሚል ዓመት ነበር። ሌስተርን ሁለት ጊዜ ተጫወትን፣ ሁለቱንም አሸነፍን። ፌብሩዋሪ ላይ ዌልቤክ ከረጅም ጉዳት ተመልሶ ተቀይሮ ገብቶ በባከነ ሰዓት በጭንቅላቱ ያገባት ጎል ትዝ ትላችኋለች? ወንድሜን አቅፌ አለቀስኩ። ከዚያ ዩናይትድ 3 ለ 2፣ ስዋንሲ በሜዳችን 2 ለ 1 አሸነፉን፣ ተንሸራተትን። ሌስተር በ10 ነጥብ በልጦን ዋንጫውን ወሰደ። አንድ አጥቂ ነው የጎደለን። አንድ! እሱ ግን ባሉት ልጆች አምኖ ነበር።

እና እዚህ ጋ ነው ያቺን ቃል የምመልሳት። ንቅንቅ አላለም። በ1996 ቸኮሌት ሲከለክል ንቅንቅ ያላለው ሰውዬ ነው በ2015 አጥቂ አልገዛም ብሎ ንቅንቅ ያላለው። ፋብሪጋስን በ16 ዓመቱ ያሰለፈው እምነት ነው ኦገስት 2011 ላይ ልጆች ሰብስቦ ኦልድ ትራፎርድ ወስዶ 8 ለ 2 ያስወቃን። ስናሸንፍ “ጽኑ” አልነው፣ ስንሸነፍ “ግትር” አልነው። ሁለት ቬንገር አልነበረም። መጀመሪያ ጎበዝ የነበረ፣ ኋላ የተበላሸ ሰው እየፈለግን ነው የደከምነው። እኔም ሰውዬው ሁለት ስላልሆነ ነው ስሜቴ ሁለት የሆነው። የወደድኩትና ያንገሸገሸኝ ያው አንድ ጠባይ ከሆነ አንዱን ይዤ ሌላውን ልጥል አልችልም።

በነገራችን ላይ ከ8 ለ 2ቱ በኋላ የዝውውር መስኮቱ ሊዘጋ ሲል በጥድፊያ ከተገዙት መሀል አንዱ ሚኬል አርቴታ ነው። ከዚያ ውርደት ክለቡ ከዓመታት በኋላ የሚያሰለጥነውን ሰው አገኘ። ኳስ አንዳንዴ እንዲህ ትቀልዳለች።

አሁን ስለ ጃኬቱ ላውራ፣ ሳላወራ አልወርድም። ያ ረጅሙ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርሰው፣ ብርድ ልብስ የሚመስለው ጃኬት። ዚፑ አይዘጋለትም። ካሜራው ሁሌ እዚያ ላይ ነው፤ ሰውዬው አጎንብሶ ዚፑን ከታች ሊያገጣጥም ይታገላል፣ ይስታል፣ ደግሞ ይሞክራል፣ ሜዳው ላይ ጥቃት እየመጣ ነው፣ ቀና ይላል፣ ደግሞ ያጎነብሳል። የጠላው ሁሉ ስቆበታል። ቡድን ሊያስተካክል ቀርቶ ዚፕ መዝጋት አቃተው ተባለ። እኔ ደግሞ ያን ሳይ አባቴን ነው የማየው። እንዴት አድርጌ ነው እንደዚያ ዓይነት ሰው “ውጣ” የምለው? በዚያው ሳምንት ደግሞ ብያለሁ።

ማርች 2014፣ ለአርሰናል 1,000ኛ ጨዋታው። ሊከበርለት የተዘጋጀ ቀን ነው። ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ቼልሲ 6 ለ 0 ገረፈን። የቼልሲው አሰልጣኝ ሞሪኒዮ ከአንድ ወር በፊት “የውድቀት ስፔሻሊስት” ብሎት ነበር። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ሃል ሲቲ በስምንት ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0 መራን፣ ቴሌቪዥኑን ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ወንድሜ ያዘኝ። በተጨማሪ ሰዓት ራምሴ አገባና 3 ለ 2። ዘጠኝ ዓመት ያለ ዋንጫ ኖረን አበቃ። ልጆቹ ሰውዬውን ወደ ላይ ሲወረውሩት ማየት... እዚያ ቢያቆም ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ። አላቆመም። በ2015ም በ2017ም ኤፍኤ ካፑን ወሰደ፣ በጠቅላላው ሰባት ሆነለት። በመሀሉ ግን ባየር ሙኒክ በሁለት ጨዋታ 10 ለ 2 አሸነፈን።

ዲሴምበር 2014 ደግሞ ስቶክ ላይ 3 ለ 2 ተሸንፈው ባቡር ሲሳፈር የራሱ ክለብ ደጋፊዎች ጣቢያው ላይ ቆመው ጮኹበት፣ ሰደቡት። የ65 ዓመት ሰው። ቪዲዮውን አይቼ አፈርኩ። ከዚያ ለጓደኛዬ “ቢሆንም ግን...” ብዬ ጻፍኩለት። “ቢሆንም ግን” የሚለው ቃል የነዚያ ዓመታት የአርሰናል ደጋፊ መለያ ማልያ ነበር።

የኛ ነገር የሚብሰው ይሉኝታ ስላለበት ነው። ሞሪኒዮን ተመልከቱ። ሦስት የሊግ ዋንጫ አምጥቶላቸው፣ በ2017 በዩናይትድ አሰልጣኝነት ሲመለስ የቼልሲ ደጋፊዎች “ይሁዳ” ብለው ጮኹበት፤ እሱ ሦስት ጣቱን አሳያቸው፣ ኋላም አራት ዋንጫ የሚያመጣላቸው እስኪመጣ ይሁዳ ቁጥር አንድ ነው አለ። ተሰዳደቡ፣ ተለያዩ። ራኒየሪ ሌስተርን ሻምፒዮን ባደረገ በዘጠኝ ወሩ ተባረረ፣ ደጋፊው አለቀሰለት። አዘነ እንጂ ግራ አልተጋባም። 22 ዓመት ግን ሌላ ነገር ነው። ያሳደገህን ሰው “ከቤት ውጣ” እንደማለት ነው። ብትለው ውለታ ቢስ ነህ፣ ባትለው ቤቱ ይፈርሳል። ብዙዎቻችን ታዲያ ምን አደረግን? አኮረፍን። በመጨረሻው የውድድር ዘመን ኤምሬትስ ውስጥ ባዶ ወንበር ማየት ተለመደ። መጮህ ያፈረ ሰው በመቅረት ጮኸ። እኔ በበኩሌ ከጩኸቱ ይልቅ ዝምታው የበለጠ የጎዳው ይመስለኛል። መሄዱን ኤፕሪል 2018 ካሳወቀ በኋላ ደጋፊዎቹ አንድነት ያጡበት ምስል በዓለም መታየቱ እንዳሳመመው ተናግሯል። ደጋፊውን ግን አልተቀየመም።

ሜይ 6 ቀን 2018፣ ኤምሬትስ፣ ከበርንሊ ጋር። 5 ለ 0። ባዶ የነበረው ወንበር ሞላ። ያለመሸነፉን ዓመት የወርቅ ዋንጫ ሰጡት። ማይክ ይዞ መጀመሪያ ያነሳው ራሱን አልነበረም፤ በዚያ ሳምንት ታሞ ሆስፒታል የገባውን የዕድሜ ልክ ባላንጣውን፣ የቀድሞውን የዩናይትድ አሰልጣኝ ፈርጉሰንን ነው፣ ይማርህ አለው። ሲጨርስ “ትናፍቁኛላችሁ” አለ። ያ ሁሉ ሕዝብ ያጨበጭባል። ያጨበጨቡት እነማን ናቸው? ከነሱ ውስጥ “ውጣ” ያሉ የሉም? ሞልተዋል እንጂ። አስመሳዮች ናቸው የሚል አለ። እኔ አልልም። ከሳምንት በኋላ ሃደርስፊልድ ላይ የመጨረሻ ጨዋታው ሲሆን 22ኛው ደቂቃ ላይ ሜዳው በጭብጨባ ተሞላ፣ ሰማዩ ላይም ሌላ አውሮፕላን መጣ። ጨርቁ “እናመሰግናለን አርሰን፣ አንተም ትናፍቀናለህ” ይላል። አንድ አውሮፕላን ብቻ። ሁለተኛው አልመጣም።

እኔ ያን ቀን አለቀስኩ። ወንድሜ አላለቀሰም። ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ዞር አለና “አሁን ማንን ልትሰድብ ነው?” አለኝ።

እሱን የተካውን ኡናይ ኤምሪን ሰደብኩ፣ እውነቱን ለመናገር። ኖቬምበር 2019 ላይ እሱም ተባረረ። ያኔ በየቦታው “በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል” ተባለልን። ተረቱ ደስ ይላል፣ ግን ሙሉ አይደለም። ወርቁ እውነትም መዳብ የሆነበት ዓመት ነበር፤ 10 ለ 2ን እኔ አልፈጠርኩትም። መሄድ ነበረበት፣ ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ። እንዴት እንደሸኘነው ነው የሚቆረቁረኝ። ለምሳሌ በዚያ መጨረሻ ዓመት ያላየኋቸው ጨዋታዎች አሉ፣ በኩርፊያ። አሁን ብመለስ አያቸዋለሁ። እያየሁም እሰድበው ነበር ይሆናል።

እሱ ራሱ ከሄደ በኋላ ለአራት ዓመት ተኩል ኤምሬትስን አልረገጠም። ዲሴምበር 26 ቀን 2022 ከዌስት ሃም ጋር ስንጫወት ካሜራው ወደ ላይ ዞረ፣ እዚያ ተቀምጧል። ስታዲየሙ ስሙን ዘመረ። በመጀመሪያው አጋማሽ 1 ለ 0 ተመርተን 3 ለ 1 አሸነፍን። ጎሎቹን ያገቡት ሳካ፣ ማርቲኔሊና ንኬቲያ ናቸው። ሦስት ወጣቶች። ወንድሜ በጉልበቱ እየገፋኝ “አየህ?” ይላል። አየሁ። ምን እንደምል ስለጠፋኝ ዝም አልኩ።

ጁላይ 2023 ላይ ስታዲየሙ ደጃፍ ላይ ሐውልቱን አቆሙለት። ነሐስ ነው፣ የሊጉን ዋንጫ ከጭንቅላቱ በላይ አንስቷል። ያ ረጅም ጃኬት ግን የለም፣ አላለበሱትም። ወንድሜ ፎቶውን በቴሌግራም ላከልኝ። ምንም አላለም፣ ከሥሩ አንዲት ቃል ብቻ ጻፈ፦

“ዚፑስ?”